በቃል የተያዘ ኮምፒውተር

ወንድሜና እኔ በስልክ መነጋገር አንችልም ነበር። መስመሩ ደህና ነው፤ ችግሩ እኛ ነን። እሱ ሐዋሳ፣ እኔ ደባርቅ። ሰላምታውን እንጨርሳለን፣ ዝናቡን እንጠያየቃለን፣ ከዚያ ወይ ዝም እንላለን ወይ ስለ አባታችን አንሥተን እንጣላለን። ወንድሜ ዲቁና ሊቀበል ሳምንት ሲቀረው ማንንም ሳይሰናበት ከቤት ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። አባታችን የቃል ትምህርት የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኛ ልጆቻቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምንላቸው። ያን ዕለት «ስሙ እዚህ ቤት እንዳይነሣ» አሉ። አልተነሣም። እናታችን በሕይወት ብትኖር አስታራቂ አይጠፋም ነበር።

የምንነጋገረው በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ነው። ሰው ከየአገሩ ይገባል፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ በቡድን እየሆኑ ዋሻ ለዋሻ ይዞራሉ፣ አውሬ ይገድላሉ። እሱ ቀስተኛ ነው፤ እኔ የቆሰለ የምፈውስ መነኩሴ ነኝ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ከኋላህ!»፣ «ጠብቀኝ፣ መጣሁ»፣ «ቆስለሃል፣ ወደ እኔ ቅረብ» እንባባላለን። በዚያ መሀል ስለ ሥራው ይነግረኛል፤ ስለተከራያት ክፍል፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ፣ ስለ ወገቡ ሕመም። እጃችን ሥራ ሲይዝ አፋችን ይፈታል መሰለኝ።

ከዚያ ጨዋታው ታደሰ፤ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ አዲሱን መሸከም አቃተው። ወንድሜ ደወለ። «ቡድኑ እስከ መስቀል ይጠብቅሃል። ከዚያ ሌላ ፈዋሽ ይተካሉ» አለኝ፤ የስብሰባ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው። እኔ ግን ገባኝ። ይቺ መንገድ ከተዘጋች ሌላ መንገድ አልነበረንም፤ ወንድሜን ላጣው ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ልገጣጥም ተነሣሁ። የአስተማሪ ደመወዝ የተገጠመውን አይገዛም፤ ዕቃ ዕቃውን እየለቀሙ መሥራት ነው ያለው። የሚመረጠውን የነገረኝ ወንድሜ ነው፣ በስልክ። ሳንጣላ የጨረስነው የመጀመሪያው ጥሪ ይኸው ነበር፤ ስለ ራም ማን ይጣላል? «ሰው ሁሉ ገንዘቡን ግራፊክስ ካርድ ላይ ያፈሳል» አለኝ። «በእኛ ጨዋታ ግን መቶ ሰው አንድ አደባባይ ሲሰበሰብ የሚደክመው ፕሮሰሰሩ ነው። ካርዱ ያገለገለ ይሁን። ራሙ ከአሥራ ስድስት ጊጋ አይነስ። ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስት፣ እሱ ከተቃጠለ ሁሉን ይዞ ነው የሚሄደው። ኬዙን ርካሽ ግዛ፣ ማንም አያየውም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። መጀመሪያ በነገረኝ ማዘርቦርድ፣ ዕቃው ሁሉ በሚሰካበት ሰሌዳ ላይ፣ ወደፊት የተሻለ ፕሮሰሰር ልቀይር ብል የማይቻል ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዝርዝር የነበረው፣ በአምስት ቁጥር የሚጀምረው ፕሮሰሰር ቀርቶ በሰባት የሚጀምረው ሆነ። ማዘርቦርዱና ራሙም አብረው ተቀየሩ፤ የቀረው ባለበት ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን በወረቀት ይጽፈው ነበር። እኔ ግን ያደግኩት ወረቀት በሚናቅበት ቤት ነው። ዳዊት እስክደግም የተማርኩት በቃል ነው፤ የኔታ «ወረቀት ውሃ ይበላዋል» ይላሉ። ዝርዝሩን፣ መጀመሪያ የፊተኛውን ኋላም የተቀየረውን፣ እንደ ጥንቱ በቃሌ ያዝኩት፣ የወንድሜን ማሳሰቢያ ሳይቀር። ጠዋት የክረምት ትምህርት ወደማስተምርበት ወደ ዳባት ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አነበንባለሁ፤ ተሳፋሪው ጸሎተኛ መስዬው ቦታ ይለቅልኛል። ማታ ማታ እግሬን ስታጠብ፣ እንጨት ስፈልጥ፣ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ እደግመዋለሁ። የኔታ በረንዳው ላይ ተማሪ ያስቀጽላሉ፣ ቃል እያቀበሉ ያስጠናሉ፤ አንድ ቀን ብቻ «ምን ያጉተመትምሃል?» አሉኝ። «የዕቃ ስም ነው» አልኩ። ደግመው አልጠየቁም።

ጎንደር ሄጄ ከሁለት ሱቅ ገዛሁ። ያገለገለውን ካርድና ፕሮሰሰሩን ከአንዱ፣ የቀረውን ከሌላው። ሁለተኛው ሻጭ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ግዛ እያለ ያዘኝ። ለደባርቅ ሰው ስለ ማቀዝቀዣ መስበክ ለቀባሪው አረዱት ነው፤ የቡይት ራስ ተራራ ንፋስ በመስኮቴ ስንጥቅ በነጻ ይገባል። በቀይና በሰማያዊ የሚያበራውንም ማራገቢያ ተውኩ። ከእሱ የምወስደውን ሁሉ በቃሌ ስጠራለት ሻጩ «ባለሙያ ነህ እንዴ?» አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ውሸት መሆኑ በማግሥቱ ታወቀ።

ፕሮሰሰሩ አልገባም። ከሥሩ እንደ ወስፌ ጫፍ የደቀቁ ብዙ ፒኖች አሉት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ግን የሚገቡበት ቀዳዳ የለም። ወዲህ ባዞረው፣ ወዲያ ባዞረው ያው ነው። መስቀል አምስት ቀን ቀርቶታል። እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ሻጭ አታሎኛል ብዬ ደመደምኩ፣ ጎንደር ወርጄ የምሰድበውን ስድብ ሁሉ ጮክ ብዬ ሳሰናዳ የኔታ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ሆንህ?»

«አታለሉኝ፣ የኔታ። አልገጥም አለ።»

ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን በጨረፍታ ብቻ አዩ። ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እስቲ በለው» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና አፈርኩ፤ ግን የኔታ «በለው» ካሉ ይባላል። የዕቃዎቹን ስም ጀመርኩ። ፕሮሰሰሩን ጠርቼ ወደ ማዘርቦርዱ ስሻገር «ተመለስ» አሉ። ተማሪ ሲስት የሚሉት ነው። ተመለስኩ፤ እዚያው ስደርስ እንደገና «ተመለስ»።

«የፊተኛውን ራስ ከኋለኛው እግር ገጠምኸው» አሉ። «በአምስት የሚጀምረው የፊተኛው ነው። የኋለኛው እንዲህ አይልም።»

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው የኋለኛውን ዝርዝር ከራስ እስከ እግር አወረዱት። በሰባት የሚጀምረውን ፕሮሰሰር፣ የማዘርቦርዱን ፊደልና ቁጥር፣ ራሙን። የሚጠብቀውን ቃል እያጠበቁ፣ የሚነሣውን እያነሡ፣ እንደ ግዕዝ ንባብ። የኔታ ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያነበንብ የአንዱን ስሕተት ነጥለው የሚሰሙ ሰው ናቸው፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ በጆሯቸው ሥር ስመላለስ መስማታቸው አያስገርምም። ያስገረመኝ ማቆም የሚችሉበት ቦታ ላይ አለማቆማቸው ነው። «ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስት» አሉ፤ «ኬዙን ርካሽ ግዛ፣ ማንም አያየውም።»

ይህ የዕቃ ስም አይደለም፤ የሰው ንግግር ነው። የማን ንግግር እንደሆነ ከእኔ አልጠየቁም።

«የነገረህ ልክ ነው» አሉ ሲወጡ። «የሳትህ አንተ ነህ።»

እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። እኔ ነኝ የቀረሁት፤ ውሃ የማቀርብላቸው፣ ወደ ሐኪም ይዣቸው የምወጣ የምወርድ እኔ ነኝ። «ልክ ነህ» ብለውኝ አያውቁም። ቅናቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ደስታ ተተካበት፣ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ጎንደር ወርጄ ፕሮሰሰሩን ለወጥኩ። ሻጩን አልሰደብኩም፤ ይልቅ ሻይ ጋበዘኝ። አዲሱ ያለ ትግል ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ እህል ቀምሰን፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። በላፕቶፑ የምሰማበት የጆሮ ማዳመጫ ለአዲሱ አልገጥም ስላለ፣ ሌላ ለመግዛትም አቅም ስላልተረፈኝ ድምፁ በስፒከር ነው የሚወጣው፣ ማይኩም ክፍት ነው።

ጨዋታው ውስጥ ወንድሜ ወንዝ ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «መጣህ?» አለ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ከስድስት ዓመት በኋላ ያ ድምፅ በዚያ ቤት ሲሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ስፒከሩን ዝቅ ላደርግ እጄን ስሰድ የኔታ ከኋላዬ ነበሩ፤ መቼ እንደገቡ አላየሁም።

«የቱ ነው?» አሉ፣ ስም ሳይጠሩ።

በጣቴ አሳየኋቸው። አረንጓዴ ካባ የለበሰ፣ እግረ ረጅም፣ ቀስት በትከሻው ያንጠለጠለ ሰው። ሥዕል እንደሆነ፣ መልኩ የእሱ እንዳልሆነ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ መስተዋት አስጠግተው፣ ብዙ አዩት።

«ከስቷል» አሉ።

ስክሪኑ ላይ ቀስተኛው ባለበት ቆመ። የቡድኑ ሰዎች አልፈውት ድልድዩን ተሻገሩ። የኔታም ቀና አላሉም።

«እየበላሁ ነው፣ የኔታ» አለ ወንድሜ።