ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ የዘገየችው ቺፕ

ሰበታ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

የዚያን ቀን ከቤቴ የወጣሁት ለአንዲት ቺፕ፣ ጥፍር ለማታክል የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ ስል ነው። ሱሉልታ ውስጥ ጫጩት የምታስፈለፍለው ማርታ፣ መብራት ሲዋዥቅ የማሽኗ ሙቀት መቆጣጠሪያ እንደተቃጠለ ከአንድ ቀን በፊት ደውላ ነግራኛለች። ማሽኑን ከውጭ አስመጥቼ የገጠምኩላት እኔ ነኝ። ውስጡ ያሉት እንቁላሎች ሊፈለፈሉ አምስት ቀን ቀርቷቸዋል። ማርታና ባሏ ቴርሞሜትር እያዩ ማሞቂያውን በእጃቸው ሲያበሩና ሲያጠፉ አድረዋል።

ማርታ ከሆሳዕና መጥታ ለዓመታት ግንባታ ላይ ሠርታ ነው ያንን ማሽን የገዛችው። ያኔ “መለዋወጫ የመቆጣጠሪያ ቦርድ አብረህ ብታመጣልኝስ?” ብላኝ ነበር። “ምን ያደርግልሻል? ሲያስፈልግ በሁለት ሳምንት ይደርሳል” አልኳት።

አሁን የውጭ አገሩ ሻጭ ሌላ ነገር ይለኛል። ቦርዱ ላይ የተቃጠለችውን ቺፕ የሚሠራት አንድ ፋብሪካ ብቻ ነው። ፋብሪካው ያለበት አገርና ቦርዱ የሚገጣጠምበት አገር ተኳርፈው ጭነት ቆሟል። መቼ እንደሚለቀቅ እሱም አያውቅም።

ቡራዩ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

በአየር ጤናና በአስኮ በኩል ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ደረስኩ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ አካባቢው ከታመሰ ሰንብቷል፤ ታክሲ ውስጥ ግን ስለ ጉዳዩ የሚያወራ አልነበረም። ረዳቱ የወትሮውን ሂሳብ እጥፍ ሲጠይቅ እንኳ ሁሉም ዝም ብሎ ከፈለ።

ኦቦ ገመቹ አስፋልቱ ዳር ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። “አካም ቡልቴ?” ብለው እንዴት እንዳደርኩ በኦሮምኛ እየጠየቁ ተቀበሉኝ። ከአሮጌ ዕቃ ላይ ተነቅላ ትገኝ እንደሆነ ብዬ የተቃጠለችውን ቺፕ ቁጥር ጽፌ አሳየኋቸው።

“አሁን ነው የምትመጣው?” አሉኝ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። “አምና ሦስት ካርቶን አሮጌ ቦርድ ውሰድ ብዬህ፣ ቆሻሻ ነው ብለህ ሳቅህ። ለቆራሌው ሰጠሁት።”

ይህን እያሉም መሳቢያ መጎርጎር ጀምረዋል። ከአንድ የወላለቀ ፍሪጅ ቦርድ ላይ ያችኑ ቺፕ አገኟት። በመበየጃው ሲያላቅቋት ውጭ የሱቅ በሮች ሲዘጉ ተሰማ። ቀጥሎ ጩኸት፣ ቀጥሎ ተኩስ። ኦቦ ገመቹ ተነሥተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

“ልጆቹ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለው ነው የወጡት” አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “የወንድሜም ማሳ ፕላኑ ውስጥ ገብቷል ይላሉ። አሁን እንዳትወጣ።”

ቺፗን ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ገደማ ማርታ ደወለች። “ደክሞናል፤ የት ደረስክ?” አለችኝ። “መንገድ ላይ ነኝ” አልኳት። ዋሸሁ።

ሱሉልታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ስምንት ሰዓት ላይ ፀጥ ሲል ከኦቦ ገመቹ ሱቅ ወጣሁ። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ የተቃጠለ ጎማ ይጨሳል። እስከ አስኮ በእግሬ ሄድኩ፤ ከዚያ በአዲሱ ገበያ በኩል አድርጌ ሱሉልታ ስገባ ብርዱ ጀምሯል።

ማርታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። “ሰባት ሰዓት ላይ ሁለታችንንም እንቅልፍ ጣለን” አለችኝ። “ስንነቃ ከሠላሳ ስምንት ማለፍ የማይገባው ሙቀት አርባ ሁለት ዲግሪ ገብቷል።”

ቺፗን በየድኳት። ማሽኑ ወዲያው ሙቀቱን በትክክል ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ክፍሉን አጨልመን እንቁላሎቹን በባትሪ መብራት አንድ በአንድ አየናቸው። ጫጩቱ በሕይወት ካለ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ማርታ እያነሳች “ይሄም ዝም ብሏል” ትላለች፤ ባሏ ተቀብሎ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጣል። ባልዲው ሞልቶ ሌላ አመጣ።

“አንተ ምን ታደርግ፤ መንገድ ተዘግቶብህ ነው” አለችኝ በመጨረሻ።

“መንገዱ አይደለም ማርታ። መለዋወጫ ስትጠይቂኝ ያስተውኩሽ እኔ ነኝ።”

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “አውቃለሁ። ያኔም ልከራከርህ አስቤ ነበር። እሱ የተማረ ነው ብዬ ተውኩት።”

ሰበታ፣ በማግስቱ

ስመለስ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ለዓመታት ዕቃ ከባሕር ማዶ ሳስመጣ የማሰላው ዋጋውንና የመርከቡን ቀን ነበር። የሁለት አገር መኳረፍም፣ የቡራዩ መንገድ መዘጋትም በስሌቴ ገብቶ አያውቅም። ማርታ ግን ዕቃ በተፈለገ ጊዜ ላይደርስ እንደሚችል ማንም ሳይነግራት ገብቷት ነበር፤ ኦቦ ገመቹም እንዲሁ። ሁለቱንም አልሰማኋቸውም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ “ተሠራ?” አለችኝ።

“ማሽኑ ተሠርቷል” አልኳት፤ ቀጥዬም ባልዲ ስለሞሉት እንቁላሎች ነገርኳት።