የበር ላይ ቅምሻ

የያዙኝ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። ጠመኔው ከእጄ ሳይወርድ ሁለት ሰዎች ገብተው «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ያቺ አምስት ደቂቃ ክረምቱ እስኪገባ ቆየች። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ እጄን ማውጣቴ ነበር። ከሆመቾ ወዲያ ያለው ኮረብታችን ድንጋዩ ተፈንቅሎ እንዲሸጥ ለአንድ ባለሀብት ተሰጥቷል፣ ሕዝቡም ተስማምቷል ሲሉን «እስቲ ውሉ ይነበብልን» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መልሼ ልውጠው ብልም አይሆንልኝም፣ ደግሞም አልፈለግሁም።

ሆሳዕና ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። አንድ ሰው በተገላበጠ ቁጥር አቧራው ይነሳና ሁላችንም እንስላለን። መስኮት የለውም። አዲስ ገቢ የሚተኛው ከሽንት ጄሪካኑ አጠገብ ነው። እዚያ ልጋደም ስል አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እኔ ሌሊት ጾም ሳይገባ ለሱሁር ውሃ ልጠጣ እነሳለሁ። ሰው እንዳልረግጥ ዳሩ ይሻለኛል» አሉና የራሳቸውን ቦታ ለቀቁልኝ።

ወዲያው አወቅኋቸው። የኮረብታው ሥር ሰዎች ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ካልመረቀው ነገር አለቀ አይባልም። ባለሥልጣኖቹ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሰው የቀራቸው የእኚህ ሰው ምርቃት ብቻ ነበር፤ ያለ እሱ ሕዝቡ ለማሽኑ መንገድ አይለቅም። እሳቸው ደግሞ «ያልገባኝን አልመርቅም» አሉ። ለዚህ ነው የታሰሩት።

ረመዳን ነበር። ባለቤታቸው ሁልጊዜ አስር ሰዓት ላይ ማፍጠሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቆጮና ትኩስ ሾርባ። የጣቢያው ደንብ ግን ምግብ ያመጣ ሰው መርዝ አለመኖሩ እንዲታወቅ ዘበኛው ፊት ይቅመስ ይላል። እሳቸውም ጿሚ ናቸው፤ ቢሆንም መጀመሪያ ሰሞን ችግር አልነበረም። ለእኔ ምግብ የምታመጣው እህቴ ጴንጤ ናት፤ ለጿሚዎቹ ሴቶች እሷ ትቀምስላቸዋለች፣ ዘበኛውም ዞር ብሎ ያልፋል። ጉዳያችንን የያዘው መርማሪ ይህን ሰማ።

በማግስቱ መርማሪው ራሱ መጥቶ የቆርቆሮውን በር ከፈተና ሽማግሌውንና እኔን ደጃፉ ላይ አቆመን። እኔን ለምን እንዳቆመኝ አልገባኝም፤ ምናልባት ለአስተማሪ ትምህርት መስጠት አምሮት ይሆናል። ሴትዮዋ የግቢው በር ላይ ሳህናቸውን ታቅፈው ቆመዋል። እህቴ እጇን ስትዘረጋ ዘበኛው ገፈተራት።

«ያመጣው ራሱ ይቅመስ ተብሏል።»

እማማ ሾርባውን በምላሳቸው ጫፍ ነካ አድርገው ተፉት፣ እየጾሙ ወጥ የሚሠሩ ሴቶች ጨው እንደሚያዩት።

«ዋጪው!» አለ ዘበኛው። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ነው።

መርማሪው ወደ ሽማግሌው ዞረ። ድምፁ እንደ አማች ትሁት ነበር።

«አባባ፣ አንዲት ምርቃት እኮ ናት። ነገ እማማ ሳይቀምሱ ያልፋሉ፣ ከነገ ወዲያ እርስዎ ቤትዎ ነዎት። የአባት ቤት ሲዘረፍ አብሮ መዝረፍ ነው፤ ይህን እኔ ልንገርዎት?»

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ። በዱላ ጊዜ ያላለቀሱት ሰውዬ ጢማቸው ረጠበ። ከዚያ ሁለቱ እጆቻቸው ቀስ ብለው መዳፋቸው ወደ ላይ ሲዘረጋ አየሁ። በቃ፣ ኮረብታው ሄደ አልኩ። መርማሪውን በዚያች ደቂቃ የጠላሁትን ያህል ከዚያ በፊት ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

«የልጆቼ አባት!» አሉ ሴትዮዋ ከበሩ። «እጅህን ሰብስብ!»

ቆጮውን ቆርሰው ጎረሱ። ሳይቸኩሉ አላምጠው ዋጡ። ሾርባውንም አነሱና መርማሪውን እያዩ ተጎነጩለት።

«የእኔ ጾም ቀዷ አለው፤ ያፈረስኩትን ረመዳን ሲወጣ ጾሜ እከፍለዋለሁ» አሉ። «የኮረብታው ቀዷ የለውም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። መርማሪው ሄዶ ሳህኑን በጫማው ገለበጠውና ተመለሰ።

ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ምግብ የነበረው ሁሉ አዛኑ እስኪሰማ ሳይበላ ጠበቀ። ማንም እንዲህ እናድርግ አላለም። ሽማግሌው በእኔ ዳቦ አፈጠሩ። ወሩ እስኪወጣ ሴትዮዋ በየቀኑ መጡ፣ በየቀኑ ዋጡ፣ ሳህኑም በየቀኑ ተገለበጠ። ነገ ይቀራሉ ብለን ነበር፤ አልቀሩም።

ምርቃቱን ከሌላ አካባቢ ባመጡት ሽማግሌ አስፈጸሙት። ሕዝቡ መንገድ ላይ ቢቆምም በዱላ ተበተነ። እኛ ስንፈታ ኮረብታው ግማሹ ተበልቶ ነበር፤ ዛሬ ቦታው ላይ ያለው ዝናብ የሚያቁር ጉድጓድ ነው። ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ሳሉ አልለቃቸውም።

ዘንድሮ ሆሳዕና አዳራሽ ውስጥ ስለ ማዕድን አስተዳደር ማሻሻያ ስብሰባ ጠሩን። ከእንግዲህ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ውሉ ለሕዝብ ይነበባል ተባለ። በአንድ ወቅት ያሳሰረኝን ዓረፍተ ነገር በድምፅ ማጉያ ሰማሁት። አጨበጨብኩ፤ ጥሩ ነገር ሲሰማ ይጨበጨባል። ከዚያ ባጃጅ ይዤ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ጉድጓዱ ከደጃቸው ይታያል። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«ደግ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ኮረብታ ለቀራቸው ንገራቸው።»

አዲሎ አካባቢ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ኮረብታቸው ገና አልተነካም። ቅዳሜ እሄዳለሁ።