አሥራ አንዱ የዋንዳ ሰዎች

ዋንዳ ሂክስን ሰው ዳይሬክተር ብሎ ሲጠራት ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ ይመስላት ነበር። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ሃያ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። የምትመራው በጎ አድራጎት ድርጅትም ቢሆን አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ስልክና የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ የተሰጣት አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ከኦሃዮ ወንዝ በላይ ባሉት ኮረብቶች ተበታትነው የሚኖሩ፣ ኩላሊታቸው የደከመ አሥራ አንድ ሰዎችን በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ኩላሊት እጥበት ታደርሳለች፣ ትመልሳለች። ሆስፒታሉ አርባ አምስት ማይል ይርቃል። በዚያ መንገድ አውቶቡስ አያልፍም፤ ልጆቻቸውም ሥራ ፍለጋ ወደ ኮሎምበስ ከወረዱ ቆይተዋል።

በሚያዝያ የመንግሥት ድጋፍ በአንድ ኢሜይል ቆመ። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ ብትደውልም የሚያነሳ አልነበረም። የቀራት ተስፋ በከተማ ያለ፣ ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚለግስ አንድ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ነበር። ፕሮፖዛሉን ሦስት ጊዜ ጻፈችው። መጀመሪያ በሽተኛ ማመላለስ ብላ ብትልክ፣ ችግሩን ከሥሩ የሚፈታ ይሁን ተባለች። የደከመ ኩላሊት ከሥሩ እንዴት እንደሚፈታ ግራ ቢገባትም የሚወዱትን ቃል እየፈለገች ጻፈች። በመስከረም ሰው መጥቶ እንደሚያያቸው ተነገራት።

በእነዚያ ኮረብቶች ላይ እንግዳ በሚገባበት ቤት ምንም አይጎድልም፤ ቢጎድልም አይታይም። ዋንዳ እናቷ ታደርግ የነበረውን አደረገች። ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር የተቀመጠውን ባልዲ ደበቀች፣ የሚኒባሱን ወለል አዲስ ምንጣፍ አለበሰች፣ ደህና ወንበር ተዋሰች። ከአሥራ አንዱ አንዷ የሆነችው ቬርና ሙሊንስ የተፈጨ ሥጋ በምድጃ ጋግራ፣ የድንች ሰላጣ ሠርታ መጣች። የቦርዱ ሊቀ መንበር ዴልበርት ክራም፣ ሠላሳ ዓመት ሬሳ ሣጥን እያዘጋጀ የአካባቢውን ሙታን ሲቀብር የኖረው ሰውዬ፣ ያንኑ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ብቅ አለ።

"ምነው ዴልበርት፣ ቁመቴን ልትለካ መጣህ?" አለችው ቬርና።

"ለክቼሻለሁ እኮ። አፍሽ ብቻ ነው ከሣጥኑ የተረፈኝ።"

ከፋውንዴሽኑ የመጣችው ኬትሊን የምትባል ልጅ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የቀረበላትን ሁሉ በላች፣ የሚነገራትን ሁሉ አዳመጠች። ከዚያ ወደ ኦርቪል ታኬት ዞረች። ኦርቪል ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው።

"ሚስተር ታኬት፣ ይህ ሚኒባስ ቢቀር እርስዎ ምን ይሆናሉ?"

ዋንዳ በዋዜማው እውነቱን እንዲናገር አደራ ብላው ነበር።

ኦርቪል ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። "ኧረ አንድ መላ አይጠፋም፣ የኔ እመቤት። ከኔ የባሰ ስንት ሰው አለ መሰለሽ?"

"እርስዎስ፣ ወይዘሮ ሙሊንስ?"

"እኛ ደህና ነን። ይልቅ ድንቹን ጨምሪ፤ አልበላሽም።"

ልጅቷ ጻፈች። ዋንዳ፣ ሁለት ሳምንት ሳይታጠቡ ቢቀሩ ይሞታሉ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ሁሉም የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ተደርድረዋል። ይህን ፊት ለፊታቸው እንዴት ትናገረው? የድንቹን ሳህን አንስታ አቀበለች።

ሲመለሱ ኦርቪልን ቤቱ በር ላይ ስታወርደው፣ "ምነው ሚስተር ታኬት? ተነጋግረን አልነበር?" አለችው።

"በማላውቃት ልጅ ፊት ልለምን ነው የምትይኝ?"

"ልመና አይደለም እኮ።"

"ታዲያ ምንድነው፣ ልጄ?"

ዋንዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትሠራ ኖራ፣ ሌላ ስም አላገኘችለትም።

በጥቅምት ኬትሊን ራሷ ደወለች። ደብዳቤ ብቻ ልካ መተው ትችል ነበር።

"በእውነት ጠንካራ ሰዎች ናችሁ፣ ዋንዳ። ቦርዳችን በጣም ነው የተደነቀው። ዘንድሮ ግን ጠያቂው ከመቼውም በላይ በዛ፤ በጣም አስቸኳይ ወደሆነው ማድላት ግድ ሆነብን።"

"ይሞታሉ እኮ" አለች ዋንዳ።

"እንደዚህ ብለሽ አልጻፍሽልንም" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "በየካቲት እንደገና ማመልከት ትችላላችሁ።"

ዋንዳ ልትቆጣ ፈለገች፤ የምትቆጣው ሰው አጣች።

ወሩ ሲያልቅ የሚኒባሱ ኢንሹራንስ አለቀ። ዴልበርት ቁልፉን ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። "ሰው ቢጎዳ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ይከሰሳል" አለ። ቆይቶም፣ "መቅበር ትቼ ጡረታ ወጥቻለሁ ብዬ ነበር" አለና መሬት መሬት አየ።

የራሷ መኪና አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ ጋቢናዋ ከእሷ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። በስም ዝርዝሩ ላይ ላሉት ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች። አንዱን ጎረቤቱ ሊያደርሰው ተስማማ፣ አንዷን የቤተ ክርስቲያን ሰው ተቀበላት፣ አራቱ ጎረቤት እንጠይቃለን አሉ፣ ሁለቱ ስልክ አላነሱም። ዓይነ ስውሩን ሌስተርንና ቬርናን ራሷ ልትወስድ ወሰነች። ኦርቪል፣ "የወንድሜ ልጅ ያደርሰኛል" አላት። የወንድሙ ልጅ ቴክሳስ እንደሚኖር ዋንዳ ታውቃለች። ማመኑ ስለቀለላት አመነችው።

ሰኞ እንዲህ አለፈ። ረቡዕ ጠዋት ሌስተርንና ቬርናን ይዛ በኦርቪል ደጅ ስታልፍ፣ የሁለት ቀን ጋዜጣ መንገድ ዳር እንደተጣለ አየች። ወርዳ አንኳኳች፤ በሩ ክፍት ነበር። ኦርቪል ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው፣ ሌሊቱንም እዚያው ሳያድር አልቀረም። ፊቱ አብጧል፣ ትንፋሹ ያጥራል።

"የወንድምዎ ልጅስ?"

"ሥራ በዛበት መሰለኝ።"

ተንበርክካ ጫማውን ልታደርግለት ሞከረች። እግሩ አልገባ አለ። አምቡላንስ ጠራች፤ ያለችው አንዷ ለሌላ አደጋ ከወንዙ ማዶ ሄዳለች፣ ከሰዓት በላይ ትቆያለች አሏት። በካልሲ ብቻ እንዳለ ደግፋ አወጣችው። ፒክአፗ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጋቢናው ሞልቷል፤ የኋላው ጭነት መያዣ ለብርዱ ክፍት ነው።

ቬርና በሩን ከፍታ፣ መጀመሪያ አንድ እግሯን፣ ቀጥሎ ሌላውን አወረደች።

"ግባ፣ ኦርቪል።"

"አላደርገውም።"

"ግባ አልኩህ፣ አንተ ግትር በቅሎ! ሰኞ ታጥቤያለሁ እኮ።"

ዋንዳ የቬርናን ፊት አየች። አመድ መስሏል። አይሆንም ማለት ነበረባት። ካልሆነም ሌስተርን አውርጂ፣ እሱን ተዪ፣ ይህን ምረጪ የሚላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ማንም አልነበረም። ኦርቪልን አስገብታ ቀበቶውን አሰረችለት።

ቬርና የኦርቪል ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሹራቧን ሰበሰበች። ፒክአፗ ስትነሳ እጇን አላነሳችም፤ ሊሰናበቷት እንዳይቸገሩ ፊቷን ወደ ጫካው አዙራ ነበር።