አሜን ብለን ያጣነው ዳርቻ

ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን ስብሰባ ላይ ማይክሮፎኑን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ለመኪና ማቆሚያ ሊሰጥ ነው ተብሎ ሰው ገና እያጉረመረመ ነበር። መድረክ ላይ የተቀመጠው ወጣት ኃላፊ ግን ፈገግ ብሎ፣ "መምህርት፣ እንግዲህ እርስዎ ይመርቁንና እንለያይ" አለኝ። ደሜ ፈላ። መርቂ ማለት ምን ክፋት አለው ትሉኝ ይሆናል። ቆይ ልንገራችሁ።

ከዱርቤቴ መጥቼ ባሕር ዳር ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ ሐይቁ ዳር፣ ከአባባ ይማም ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አባባ ይማም ዓሣ አጥማጅም ታንኳ ሠሪም ነበሩ። ታንኳ የሚታሰረው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ፣ ተሰጥቶ፣ ፀሐይ በደንብ ካልመታው ታንኳው ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ከግቢያቸው ፊት ያለችው ዳርቻ ለእሳቸው እንደ ገበሬ ማሳ ነበረች። እዚያ ያሰጣሉ፣ እዚያ ያስራሉ፣ ጠዋት ከሐይቅ ሲመለሱም እዚያው ይወርዳሉ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ልብሳችንን አጥበን እስኪደርቅ ድረስ እዚያው እናጠና ነበር። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጠብሰው በዳጉሳ እንጀራ ሲጠሩኝ ደብተሬን ጥዬ እሮጣለሁ። ክርስቲያንና ሙስሊም ሥጋችን አይገናኝም፤ ዓሣ ላይ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። በጾም ቀን መብላቴን እናቴ አትስማ እንጂ።

በጥቅምት፣ ሐይቁ ሞልቶ እስከ አጥራችን በመጣበት ሰሞን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ዋርካ ሥር ሰበሰበንና ዳርቻው ታጥሮ ለመዝናኛ ሊሰጥ ነው አለ። ሰው ተንጫጫ። አባባ ይማም ተነሥተው፣ እኔ ደንገሌን የት ላሰጣ ነው ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ነገሩን በሌላ ቀን እንጨርሰዋለን ብሎ ሰውን ካረጋጋ በኋላ፣ በዕድሜ ትልቁ አባባ ይማም ናቸውና መርቀውን እንበተን አለ። በእኛ አገር መርቁ የተባለ ሽማግሌ እምቢ ይላል? አይልም። እጃቸውን ዘርግተው የታሰበው ሁሉ ለበጎ ይሁን፣ ያሰባችሁት ይሳካ፣ አገር ሰላም ይሁን አሉ። ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ።

በማግስቱ ሞንታርቦ የጫነች መኪና ሰፈሩን ትዞራለች። ነዋሪው የዳርቻውን ልማት በሙሉ ድምፅ ደግፎ በሽማግሌ ምርቃት አጽድቋል ትላለች። አቤት ድፍረት! አንድ ሰው እንኳ እጁን ያላወጣበትን ስብሰባ!

ከአባባ ይማም ጋር ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም።

"አባባ፣ ትናንት መርቀው ዛሬ ሊረግሙን መጡ?" አላቸው።

"እኔ የመረቅሁት ሰውን ነው። ዳርቻውን መቼ ሰጠሁ?"

"ያሰባችሁት ይሳካ ያሉት እርስዎ አይደሉም? ይኸው ተሳካልን።"

እኔ ከጎናቸው ሆኜ ምርቃት ድምፅ መስጠት ነው ወይ ብዬ ጮህሁበት። ትምህርትሽን ተማሪ፣ አለዚያ ኮሌጅሽ ድረስ እንመጣለን አለኝ።

ከእሱ የባሰው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። አጥሩ ሲተከል አብሮ አሜን ያለው ሁሉ፣ መርቀው የሰጡብን እርስዎ ነዎት እያለ አባባ ይማም ላይ ዞረ። ሰላምታ ነሣቸው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሹሙስ ሹም ነው፤ ጎረቤት እንዴት የገዛ አፉን ይክዳል? በጋው ሳይወጣ ባልና ሚስቱ እቃቸውን ጠቅልለው ዘመድ ወዳለበት ወደ ቁንዝላ ሄዱ። ልሸኛቸው ወጥቼ ሳለቅስ አባባ ይማም ራሴን ዳሰስ አድርገው፣ "ልጄ፣ ከእንግዲህስ መርቅ ሲሉኝ እፈራለሁ" አሉኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ማይክሮፎኑን ስይዝ የታየኝ የእሳቸው ፊት ነው። ሰው ሁሉ አሜን ለማለት መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

"ከምርቃቱ በፊት፣ ሜዳው እንዲሰጥ የማትፈልጉ እጃችሁን አውጡ" አልሁ።

መጀመሪያ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ አወጣች፤ ከዚያ ከኋላ ያሉት፣ ከዚያ አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ይቆጠርና እመርቃለሁ አልሁ። ወጣቱ ኃላፊ ግን ፕሮግራሙ አልቋል፣ አልቋል እያለ ከነጓደኞቹ ወጣ።

ሜዳው ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም፤ የፈለጉትን ለመውሰድ ሌላ መንገድ አያጡም። ቤት ስገባ ልጄ ተቆጥታ ጠበቀችኝ። ትልቅ ሰው ሆነሽ ምርቃት ትከለክያለሽ፣ አሳፈርሽን አለች። እኔ መች ከለከልሁ? የወጣውን እጅ ቁጠሩና እመርቃችኋለሁ ነው ያልሁት። ሳይቆጥሩ የሄዱት እነሱ ናቸው።