ከክለቡ ታሪክ የቀረው የጎል ዳኛ

ተናድጃለሁ። ይህን የምጽፈውም ንዴቴ ሳይበርድ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ንዴትም እንደ ጉልበት ቶሎ ይከዳል።

እዚህ ለንደን፣ ዌምብሊ፣ ከትልቁ ስታዲየም ብዙም ሳይርቅ፣ የአውስትራሊያን እግር ኳስ የሚጫወት ክለብ አለ። ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት፤ በእጅም በእግርም ትመታለች። ጎሉ አራት ቋሚ እንጨት ብቻ ነው፤ አግዳሚም መረብም የለውም። እኔ ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የምግብ ዝግጅት ሥራ ጡረታ ወጥቼ፣ ሐኪሜ ለስኳርህ ተራመድ ስላለኝ መናፈሻው ውስጥ ስንገላወድ ነው ያገኘኋቸው። አንድ ቅዳሜ የጎል ዳኛቸው ቀረ። ከእንጨቶቹ ጀርባ ቆሜ ስላዩኝ ብቻ ነጭ ካፖርት አለበሱኝና ሁለት ባንዲራ አስያዙኝ። ፋርማሲስት መሰልኩ። ኳሷ በመሀል ባሉት ሁለት እንጨቶች መካከል ካለፈች ሁለቱንም አውለብልብ፣ በጎን ካለፈች አንዱን፤ ሌላ ሥራ የለህም አሉኝ። እኔም እውነት መስሎኝ!

ከዚያ ወዲህ የሜዳውን መስመር ቀለም የምቀባው እኔ፣ እንጨቶቹን ጓሮዬ የማሳድረው እኔ። ክለቡ ተጫዋች አጥቶ ሊዘጋ በነበረበት ዓመትም ከኪልበርን ሰፈር ሐበሻ የታክሲ ሾፌሮችን ለምኜ ያመጣሁት እኔው ነኝ። አንዱ ኳሷን አገላብጦ አይቶ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ላይ ሰው ተቀምጦባታል እኮ!" አለኝ።

"ዝም ብለህ ሩጥ" አልኩት።

ሮጡ። ተሸነፍን፤ ግን ቡድን ሆነን ተሸነፍን። ክለቡም ዳነ።

ዘንድሮ የክለቡ ታሪክ በመጽሐፍ ይውጣ ተባለ። የምታዘጋጀው አንዲት አውስትራሊያዊት ወጣት ናት። ስልኳን አፌ ላይ ደቅና፣ "ሜት፣ አንተስ ለክለቡ ምን አደረግህ?" አለችኝ። ሰባ ያለፈውን ሽማግሌ ሜት፤ ጓደኛዬ እንደማለት! እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ።

"ኧረ እኔ ምን አደረግሁና!" አልኳት አንገቴን ሰበር አድርጌ።

የእኛ ሰው ቢሆን፣ "ኧረ በሞቴ ይንገሩን!" ይላል። ደግሜ እምቢ እላለሁ። እንደገና ሲለምነኝ፣ "እንግዲህ ካላችሁማ" ብዬ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። የት ደርሼ! "ኖ ዎሪስ፣ ችግር የለም!" ብላኝ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

በቀደም ረቂቁን ስልኬ ላይ ላከችልኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፤ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። የተመሠረቱበት መጠጥ ቤት አለ፣ ጉልበቱ የተሰበረው ካፒቴን አለ፣ የካፒቴኑ ውሻ ሳይቀር ከነፎቶው አለ። ስለዚያ ክፉ ዓመት ግን፣ "የአካባቢው ሰዎች ረድተውናል" ይላል። የአካባቢው ሰዎች! አካባቢው ነው እንዴ ሾፌር ሲለምን የዋለው?

ሜዳው ድረስ ሄጄ አፋጠጥኳት።

"ውሻው ለክለቡ ምን አደረገ?"

"ምንም፤ ሁሉም ስለሚወደው ነው።"

"እኔስ?"

"አንተማ ራስህ ምንም አላደረግሁም አልከኝ!"

"እና ታምኛለሽ?"

ዓይኗ ፈጠጠ። "የምትለኝን ካላመንኩ ምኑን ልመን?"

እውነቷን ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ። ለካ ለመለመን ስሽኮረመም ራሴን በገዛ አፌ ከታሪክ ሰርዣለሁ፤ ጅል ሽማግሌ! እሷስ ብትሆን አንድ ጊዜ ደግማ ብትጠይቅ ምን ይጎድልባት ነበር? በየቅዳሜው ዝናብ ሲደበድበኝ እያየች! ለማየትም ድምፅ መቅጃ ያስፈልጋል?

"ገና አልታተመም" አለች ስልኳን እያወጣች። "አሁን ንገረኝ፤ ምን አደረግህ?"

"ኧረ እኔ…" ልል ከጀለኝ፤ ምላሴን ነከስኩት። ጓሮዬን ነገርኳት፣ ቀለሙን ነገርኳት፣ የሾፌሮቹን ስም አንድ በአንድ ጠራሁላት፤ አጻጻፉን ስትስት እያስቆምኩ አሳረምኳት። በመጨረሻ ጣቶቿን እያፍታታች፣ "በቃ፣ ይኸው ነው?" አለችኝ።

"ገና ነው" አልኳት። "ወንበር ሳቢና ተቀመጪ።"