አባቴ የወሰደው ፓፍ

ጉርድ ሾላ ያለ ፋርማሲ ውስጥ አንዲት እናት የአስም ፓፍ ነቅንቃ ወደ አየር ረጨችና ለልጇ አሳየችው። ሽታው በደርግ ጊዜ ወደ ነበርንበት የየካው ቤታችን መለሰኝ።

አስሙን የወረስኩት ከአባቴ ነው። ለሁለታችን የነበረን አንድ ፓፍ ብቻ ነበር። «ሁለቴ ሳቢ፤ በመሃል ትንሽ ጠብቂ» እያለ ራሱ ይይዝልኛል። ሁልጊዜ እኔን ያስቀድም ነበር።

አንድ ጠዋት ስነቃ አባቴ የለም፤ ከአገር ሊወጣ ሄዷል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ደረቴን ሲያፍነው መሳቢያውን ከፈትኩ። ፓፉም የለም።

የአባቴ እናት ጀርባዬን እያሻሸች፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ለእሱ ይብሳል» አለችኝ።

ጥሎን መሄዱን ካደግኩ በኋላ ተረዳሁለት። ፓፉን መውሰዱን ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።