የአራተኛ ፎቅ ጎመን ጠባቂ

እናቴን ከእንጦጦ ማርያም በታች ካለው ቤቷ አውርጄ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ከእኔ ጋር ለማኖር ያልሞከርኩት ዘዴ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ዳገቱ ላይ አንሸራትቷት እጇ ተሰብሮ ነበር፤ ብቻዋን መሆኗን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእሷ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አፈር የሌለበት ቤት ምን ልሠራ፣ ቁጭ ብዬ ልጦር ነው ወይ ትላለች።

እኔም አፈሩን አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣሁት። የዘይት ጀሪካን ለሁለት እየቆረጥኩ፣ ሥሩን እየበሳሁ በረንዳው ላይ ጎመን ዘራሁ። በቀለልኝ። ደውዬ ሳበስራት መጥታ ልታይ ቃል ገባች።

ችግሩ የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ነበር። ጎረቤቴ ዋጋ ሳይንር ብላ የፋሲካ ዶሮዋን ገና በሁዳዴ አጋማሽ ትገዛለች፤ በረንዳዎቻችንን የሚለየው ደግሞ አንዲት ዝቅ ያለች ግንብ ናት። ጾም ስለሆነ ሕንፃው በሙሉ ጎመን ይበላል፤ አውራ ዶሮውም ከሕዝቡ አልተለየም። እግሩን ብታስረው ገመዱን በጠሰ። መረብ ዘረጋሁ፣ ቀደደው። ያረጀ መጋረጃ አለበስኩ፣ ላዩ ላይ ተኛበት። ጎረቤቴ ይቅርታ እየጠየቀች ትስቃለች፤ እኔም መጨረሻው ድስት መሆኑን እያሰብኩ እጽናናለሁ።

እናቴ ስትመጣ የተረፈው ችግኝ ጥቂት ነበር። ጎንበስ ብላ አየችና በማግስቱ ወደ ቤቷ ወጣች። በቃ፣ አበቃ አልኩ። ብዙም ሳትቆይ ግን አንድ ጆንያ የቀጋ እሾህ ይዛ ተመለሰች። የታክሲው ረዳት ተሳፋሪ ይወጋል ብሎ ቢከራከራት ጭኗ ላይ አቅፋው መጥታለች። በየጀሪካኑ ዙሪያ አጥር አጠረችበት። አውራ ዶሮው አንዴ ሞክሮ፣ ጮሆ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በርጩማ አውጥታ እዚያው ትቀመጣለች። ከጎረቤቴ ጋር ትጫወታለች፣ ዶሮውን ትሰድበዋለች፤ እኔ ከሥራ ስገባ ውሎዋን ትነግረኛለች። እንደዚያ ስታወራ ካየኋት ቆይቶ ነበር። የምቆየው ግን እስከ ፋሲካ ነው ትል ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ጎረቤቴ ጠራችንና ከዶሮው ድርሻችንን በላን። እናቴ ያወፈረው የኔ ጎመን ነው ብላ ሁለተኛ ብልት ወሰደች። ማታውን ግን ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። ዶሮው ከሌለ የሚጠበቅ ነገር የለማ። ልመናውን አስቀድሜ ጨርሼው ስለነበር ልብሷን አቀብላት ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ከበረንዳው ጠራችኝ። ሁለት ችግኞች ከወገባቸው ተቆርጠዋል።

"አይጥ ነው" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እሾሁ ተነሥቶ ግድግዳው ሥር በሥርዓት ተቀምጧል። የተቆረጠው ቅጠል እዚያው ጀሪካኑ ውስጥ ነው፤ ማንም አልበላውም። ቀና ስል የእናቴን አውራ ጣት አየሁ፤ ጥፍሯ ሥር አረንጓዴ ነገር አለ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

"አይጥማ አንዴ ከለመደች አትተውም" አልኳት። "አንቺ ከሌለሽ ይሄ ጎመን አይተርፍም፣ እማዬ።"

"እንግዲህ ምን ይደረግ" አለችና ገባች። ልብሷን ከሻንጣው እያወጣች ቁም ሳጥኔ ውስጥ መስቀል ጀመረች።